ስሜቱ ቶሎ የሚገነፍል ጎበዝ ልጅ እንዴት ይያዛል?

የአምስት ዓመት ልጅ ስለ ፕላኔቶች ሲያወራ አፋችሁን ከፍታችሁ ትሰሙታላችሁ። አስር ደቂቃ ሳይቆይ ያው ልጅ የካልሲው ስፌት ጣቱን ስለቆረቆረው መሬት ላይ ተንከባሎ ያለቅሳል። ዘመድ «ሞልቃቃ» ይለዋል። ጎረቤት «ሆደ ባሻ»፣ አስተማሪው ደግሞ «ቁንጥንጥ»። እናት ግራ ይገባታል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ልጅ ካልሲ እንዴት ያሸንፈዋል?

ያሸንፈዋል። ጭንቅላቱና ስሜቱ እኩል አይራመዱማ። አእምሮው ዕድሜውን ጥሎት ሮጧል፤ ስሜቱን የሚገራበት አቅም ግን ገና የአምስት ዓመት ልጅ አቅም ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሌታ ሆሊንግወርዝ (እ.ኤ.አ. 1886–1939) እንዲህ ያሉ ልጆችን ለዓመታት ስትከታተል ይህንኑ አስተውላለች። የአዋቂ አስተሳሰብና የልጅ ስሜት አንድ ትንሽ አካል ውስጥ ሲገናኙ ኑሮ ለልጁ ይከብደዋል።

ፖላንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ካዚሚየርዝ ዶምብሮቭስኪ (እ.ኤ.አ. 1902–1980) ደግሞ ነገሩን በአምስት ከፍሎታል። አንዱ ልጅ በሰውነቱ እንቅስቃሴ፣ አንዱ በስሜት ህዋሳቱ፣ አንዱ በአእምሮው፣ አንዱ በምናቡ፣ አንዱ በልቡ ከሌላው ሰው ይልቅ አብዝቶ ይነካል። አንዱ ብቻ ያለበት ልጅ አለ። አምስቱም የተጫኑበትም አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልሸፋፍን ልናገር። አከፋፈሉ ልጅን ለማስተዋል ይጠቅማል እንጂ የሐኪም ምርመራ አይደለም፤ ተመራማሪዎችም እስካሁን ይከራከሩበታል። «ልጄ በትንሹ ያለቅሳል፣ ስለዚህ ልዩ ተሰጥኦ አለው» አያስብልም። ተሰጥኦ ያለው ሁሉ ስሜተ ስስ ነው ማለትም አይቻልም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሉዊስ ተርማን እ.ኤ.አ. በ1921 ካሊፎርኒያ ውስጥ በጀመረው ጥናት ከ1,500 የሚልቁ ጎበዝ ልጆችን ለአስርት ዓመታት ተከታትሏል፤ አብዛኞቹ በጤናም በጠባይም ደህና ነበሩ። እኔ የምጽፈው ሁለቱ ነገሮች አንድ ልጅ ላይ ለተገናኙበት ቤት ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ምስል ያዙልኝ። እሳት ላይ ያለ ወተት መገንፈል ከጀመረ በኋላ ክዳን ብትጭኑበት ይብሳል። ሥራው ያለው ከመገንፈሉ በፊትና ከበረደ በኋላ ነው። እኛ ወላጆች ግን ጉልበታችንን የምንጨርሰው መሃል ላይ፣ ልጁ በሚጮህበት ሰዓት ነው።

1. ሁለት ሳምንት ዝም ብላችሁ መዝግቡ

ምንም ነገር ለመቀየር አትሞክሩ። ደብተር ወይም የስልካችሁን ማስታወሻ ያዙ። ልጁ በገነፈለ ቁጥር አምስት ነገር ጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ነገር፣ የተኛውንና የበላውን፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ በመጨረሻ ምን እንዳረጋጋው። አጭር ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ማክሰኞ ከሰዓት። ከትምህርት ቤት እንደመጣ። ጫማህን አውልቅ ስለው ጮኸ። ምሳውን አልጨረሰም። ዛሬ የክፍል መቀመጫ ተቀያይሯል። 25 ደቂቃ። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ በረደለት።»

አንድ ገጽ ሲሞላ ወደ ኋላ ሄዳችሁ አንብቡ። ጠቡ ከጫማው ጋር እንዳልነበረ ታያላችሁ። ብዙ ልጆች ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ራሳቸውን ጨምድደው ይውላሉ። ጫጫታውን፣ ግፊያውን፣ የቀለለባቸውን ትምህርት፣ ጓደኛ ያላቸውን ክፉ ቃል ሁሉ ዋጥ አድርገው ይይዙታል። ቤት ገብተው እናታቸውን ሲያዩ ይለቁታል። ስለዚህ አስተማሪ «እኛ ጋ እኮ ጨዋ ነው!» ሲል እናት «ታዲያ እኔ ላይ ነው እንዴ የሚጫወተው?» ትላለች። አይደለም። የሚለቀው የማይፈራበት ቦታ ሲደርስ ነው።

እግረ መንገዳችሁን ዓይኑ የበራበትንም ጻፉ። ምን ሲሠራ ሰዓት ረሳ? ማን ጋ ሲሆን ሳቀ? ይህ ዝርዝር በኋላ ይፈለጋል፤ ልጁን የምታረጋጉበት መሣሪያ ከዚያ ነው የሚወጣው።

2. በየት በኩል እንደሚነካ ለዩ

መዝገቡ ይነግራችኋል። የስሜት ህዋሳቱ ከሆኑ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከትንሽ ነገር ይጀምራል፦ አንገቱ ላይ የተሰፋች የልብስ ምልክት፣ የካልሲ ስፌት፣ የሽቶ ሽታ፣ ጣሪያ ላይ የሚርገበገብ መብራት፣ ድንገት የሚጮህ ማሽን። ልጁ አያስመስልም። እናንተ የማትሰሙትን እሱ እየሰማው ነው። ምልክቷን ቁረጡለት። ካልሲውን ገልብጣችሁ አልብሱት። ጫጫታ ወዳለበት ስትሄዱ የጆሮ መከላከያ ያዙለት፣ ግን ቀኑን ሙሉ አይድፈነው፤ ጆሮ ጸጥታን ከለመደ ትንሹም ድምፅ ይከብደዋል። ደግሞም የሚረብሸውን ሁሉ ከፊቱ ካነሳችሁለት ዓለሙ እየጠበበች ትሄዳለች። የሚቻለውን ቀንሱለት፣ የቀረውን በጥቂት በጥቂቱ አስለምዱት። ልደት ግብዣ ላይ ዛሬ 20 ደቂቃ ከቆየ በሚቀጥለው 30 ይሞክር። መውጫ በር እንዳለው ካወቀ የሚቆይበት ሰዓት ራሱ ይረዝማል።

በእንቅስቃሴ በኩል ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ይንቀሳቀስ። ከጥናት በፊት ይሩጥ፣ ይዝለል፣ ከባድ ነገር ይግፋ። ቆሞ ማንበብ ከፈለገ ቆሞ ያንብብ። እግሩን ማወዛወዙን ከማስቆም ይልቅ ትምህርቱ ገብቶት እንደሆነ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ገብቶታል።

በአእምሮው በኩል የሚነካው ጥያቄው አያልቅም። «ለምን?» ይላል፣ መልሱን ሰምቶ መልሱን ራሱን «ለምን?» ይላል። በተለይ መኝታ ሰዓት ላይ። የጥያቄ ደብተር ስጡት። አሁን የማይመለሰው ጥያቄ እዚያ ይጻፍና ሁለታችሁም በተቀጠረው ሰዓት፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁጭ ብላችሁ መልሱን ፈልጉ። ቀጠሮውን ግን አታጥፉ፤ እንዲህ ያለ ልጅ አንድ ጊዜ ከዋሻችሁት ደብተሩን አይከፍተውም። «አላውቅም፣ አብረን እንየው» ማለትን አትፍሩ።

ምናቡ የበረታ ልጅ ደግሞ ቀን በፈጠረው ታሪክ ማታ ይፈራል። አልጋ ሥር ያለውን አውሬ «እኔ ላባርረው» ብላችሁ በመጥረጊያ አታባርሩ። እኔ በግሌ ይህን ዘዴ አልወደውም፤ አባት ካባረረው እንግዲያ አውሬው ነበረ ማለት ነው። ከዚያ ይልቅ ይሳለው። አስቂኝ ባርኔጣ ያድርግለት። የታሪኩን መጨረሻ ራሱ ይቀይረው። የሌለ ነገር ሲያወራም ውሸታም አትበሉት። «ይሄ የሆነ ነው ወይስ የፈጠርከው?» ብላችሁ ሳትቆጡ ጠይቁ። ሁለቱን መለየት ይማራል፣ መፍጠሩንም አይተውም።

የመጨረሻው የልብ ነገር ነው። ሆደ ቡቡ የምንለው ዓይነት። ሌላ ልጅ ሲቀጣ እሱ ያለቅሳል። የተሰበረ አሻንጉሊት ስትጥሉ ይከፋል። የዛሬ ዓመት የተናገረው ክፉ ቃል ትዝ ብሎት ይቅርታ ይጠይቃል። እዚህ ላይ የሚጎዳው ቃል «ይሄ እኮ ምንም አይደለም!» የሚለው ነው። ለእሱ ነገር ነው። «ለአንተ ከባድ እንደሆነ ይታየኛል» ማለት መስማማት አይደለም፤ ማየት ነው።

3. እሳቱን ቀድማችሁ ቀንሱ

እንቅልፍ ይቅደም። የእንቅልፍ ሐኪሞች ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በድምሩ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ የቀን እንቅልፉን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንዲተኛ ይመክራሉ። ጭንቅላታቸው አላርፍ ለሚል ልጆች ማታ ትልቅ ፈተና ነው። ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ስልክና ቴሌቪዥን ይጥፉ፣ መብራቱ ይደብዝዝ። አዲስ ነገር አትጀምሩ። «ነገ ምን እንደምናደርግ ልንገርህ?» የምትል የጓጓች ወላጅ ልጁን ለማስተኛት እስከ እኩለ ሌሊት ስትታገል ታመሻለች።

ከትምህርት ቤት መልስ ያለውን ግማሽ ሰዓት ባዶ አድርጉት። «ቀንህ እንዴት ነበር?» እንኳ ይቆይ። የሚበላ ነገር፣ ውኃ፣ ጸጥታ። ወሬው ራሱ ይመጣል።

ከአንድ ነገር ወደ ሌላ መሻገር ለእነዚህ ልጆች ከባድ ነው፤ የያዙትን ነገር በሙሉ ልባቸው ስለሚይዙት። 10 ደቂቃ ሲቀር ንገሩት። 2 ደቂቃ ሲቀር አጠገቡ ሄዳችሁ፣ ትከሻውን ነክታችሁ ድገሙለት። ከማዕድ ቤት ሆኖ መጮህ አይቆጠርም። የጀመረውን የት ላይ እንደሚያቆምና መቼ እንደሚመለስበት አብራችሁ ወስኑ።

ትርፍ ኮርሶችንም ቁጠሩ። ጎበዝ ስለሆነ ሙዚቃ፣ ቼዝ፣ ቋንቋ፣ ዋና ሁሉ ይጨመርበታል። ልጁ ሁሉንም ሊወደው ይችላል፤ ሁሉም ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ አይገባም።

4. ሲገነፍል፦ ቃላችሁን ቆጥቡ

ጎበዝ ልጅ ያለው ወላጅ አንድ ወጥመድ አለበት። ልጁ ስለሚገባው ልናስረዳው እንጀምራለን። ምክንያት እንደረድራለን። ልጁም ምክንያት ይደረድራል፣ እያለቀሰ። እኔ አንድ ማታ እንቅልፍ ለምን እንደሚያስፈልግ ከልጄ ጋር 40 ደቂቃ ተከራክሬ ተረትቻለሁ። ሁለታችንም አልተኛንም። በዚያ ሰዓት ልጁ የሚናገረው አፉ ነው እንጂ የሚያመዛዝነው ጭንቅላቱ አይደለም። ስሜትን የሚገራው የአንጎል የፊት ክፍል እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ማደጉን አያቆምም። ስለዚህ ክርክሩን ተዉት።

ይልቅ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ እናንተ ተንፍሱ፤ ትንፋሻችሁን ስታስወጡ ከምታስገቡት ይርዘም። ቁመታችሁን ዝቅ አድርጉ። ድምፃችሁንም። አንድ አጭር ነገር ተናገሩ፦ «አለሁ። ሲበርድልህ እናወራለን።» ከዚያ ዝም። ማቀፍ የሚፈልግ ልጅ እቀፉት፣ መነካት የማይፈልገውን ሁለት እርምጃ ርቃችሁ ቁጭ በሉ። ሰው ካለበት ቦታ አውጡት። መብራትና ድምፅ ቀንሱ። «ሰው ያየሃል» አትበሉት፣ እፍረት ሲጨመርበት ይብሳል።

ስሜቱ ይፈቀዳል፣ መማታት ግን አይፈቀድም። ይህን ሳትቆጡ፣ ሳታስረዱ በሉት፦ «መናደድ ትችላለህ። እህትህን መምታት አትችልም።» እጁን በቀስታ ያዙ ወይም እህቱን ከአጠገቡ አንሱ። ስስ ልጅ ነው ተብሎ ሕግ አይነሳለትም። ካነሳችሁለት የሚከፍለው ወንድም ወይም እህት ነው። እሱም ራሱ ከልክ ሲያልፍ የሚያቆመው ሰው እንደሌለ ካየ ይፈራል።

ጩኸቱን እንዲያቆም ብላችሁ የተከለከለውን ነገር አትስጡት። «በቃ እንካ ስልኩን!» ያለ ወላጅ በሚቀጥለው ጊዜ ጩኸቱ ረዘም ብሎ ይጠብቀዋል።

5. ከበረደ በኋላ

ትምህርቱ ያለው እዚህ ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ ወይም በማግስቱ፣ ሁለታችሁም ስትረጋጉ፣ በእግር እየሄዳችሁ ወይም መኪና ውስጥ አንሱት። ፊት ለፊት ዓይን ለዓይን መተያየት ምርመራ ይመስላል።

መጀመሪያ ስም ስጡለት። ልጆች «ተናደድኩ» የምትለዋን አንዲት ቃል ለሁሉ ነገር ይጠቀሙባታል። ቋንቋችን ግን ስጦታ አለው፦ ከፋኝ፣ ቅር አለኝ፣ ሆድ ባሰኝ፣ አፈርኩ፣ ቀናሁ፣ ሰጋሁ፣ ሰለቸኝ፣ ናፈቀኝ፣ ተጨነቅኩ። እያንዳንዷ ሌላ ናት። ቃል የሚወድ ልጅ ይህን ጨዋታ ቶሎ ይይዘዋል። አንድ ሳምንት ሳይሞላው «አይ፣ አልተናደድኩም፣ ቅር ብሎኝ ነው» ብሎ ያርማችኋል። ይህን ያለ ልጅ ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ ስም የወጣለት ስሜት ብዙ ጊዜ ሙቀቱ ይቀንሳል።

ቀጥሎ ቁጥር ስጡት። ከ1 እስከ 10 ስንት ደርሰህ ነበር? 4 ላይ ስትሆን ሰውነትህ ምን ያደርጋል? አንዱ ጆሮው ይግላል። ሌላው ቡጢ ይጨብጣል፣ ሌላው ሆዱን ይቆርጠዋል። ያቺ 4ኛዋ ቁጥር ናት የምትፈለገው። 9 ላይ ምንም ዘዴ አይሠራም፤ 4 ላይ ግን ክፍሉን ለቆ መውጣት፣ ቀዝቃዛ ውኃ መጠጣት፣ ግድግዳ መግፋት፣ ቀስ ብሎ መተንፈስ ይሠራል። ዘዴውን እሱ ይምረጥ፣ ደህና በሆነበት ቀንም ተለማመዱት። ጎርፍ ሲመጣ ዋና አይማሩም።

የሰበረውን ያነሳል፣ ያስቀየመውን ይቅርታ ይጠይቃል። እናንተም ጮኻችሁ ከነበረ ይቅርታ ጠይቁ። ለልጅ ይቅርታ መጠየቅ ክብር የሚቀንስ የሚመስለው ሰው አለ። እኔ አላየሁም ሲቀንስ።

6. ስህተት የማይወድ ልጅ

አንድ መስመር ስለጠመመ ሥዕሉን ቀዶ ይጥላል። የማይችለውን ጨዋታ «አስጠላኝ» ይላል። ሁልጊዜ ሁሉ ነገር ስለቀለለው መቸገርን አልለመደም፤ ሲቸገር «ጎበዝ አይደለሁም ማለት ነው» ይመስለዋል። «አንተ እኮ አንደኛ ነህ!» የሚለውን ሙገሳ ቀንሱ። የሠራውን ጠቅሳችሁ ተናገሩ፦ «ሦስት መንገድ ሞክረህ አራተኛው ላይ አገኘኸው።» ራሳችሁም ስትሳሳቱ ጮክ ብላችሁ ተሳሳቱ። በየሳምንቱ አንድ የሚከብደው ነገር ይኑረው፣ ውጤት የማይሰጥበት፣ ማንም የማያየው።

7. የትልልቅ ጥያቄዎች ሰዓት

«አንቺም ትሞቻለሽ?» ይላል የስድስት ዓመቱ ልጅ። ጦርነት፣ ድህነት፣ የምድር ሙቀት፣ ፍትህ። ማወቅ ይችላል፣ መሸከም ግን አይችልም። ከመመለሳችሁ በፊት «ምን ሰምተህ ነው?» በሉ። ብዙ ጊዜ የሚፈራው እናንተ ካሰባችሁት ሌላ ነው። እውነቱን ንገሩት፣ ግን አሳጥሩት። «ማንም አይሞትም» አትበሉ፤ ውሸት መሆኑን ያውቃል፣ ያኔ ብቻውን ይፈራል። «ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሞታል። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ አብሬህ ልኖር ነው ሐሳቤ። የሚወዱህ ሌሎች ሰዎችም አሉ።» ዜና ልጁ ባለበት አይከፈት። ያሳሰበውን ነገር በተመለከተም በእጁ የሚሠራው አንድ ትንሽ ነገር ፈልጉለት፦ መጫወቻውን ያካፍል፣ ችግኝ ይትከል፣ ደብዳቤ ይጻፍ። የሚሠራው ነገር ያለው ልጅ ትንሽ ይቀለዋል።

8. ከትምህርት ቤት ጋር

«ልጄ ልዩ ተሰጥኦ አለው» ብላችሁ አትጀምሩ። ያ ቃል አንዳንድ አስተማሪ ጆሮ ውስጥ ጉራ ሆኖ ይገባል። በአንድ ገጽ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን ያስቸግረዋል፣ ምን ያረጋጋዋል፣ ምን ትጠይቃላችሁ። ጥያቄው ትንሽና የሚቻል ይሁን። ከበሩና ከጫጫታው ራቅ ያለ ወንበር። ከልክ በላይ ሲሆንበት ለ5 ደቂቃ የሚወጣበት ምልክት። ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ የሚሠራው ከበድ ያለ ነገር፤ ያንኑ ዓይነት ሃያ ጥያቄ መጨመር ግን ቅጣት ነው። ከአንድ ወር በኋላ ተመልሳችሁ የሠራውንና ያልሠራውን ተነጋገሩ።

9. ወደ ባለሙያ መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

«ጎበዝ ስለሆነ ነው» የሚለው ማብራሪያ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ጎበዝም ሆኖ ኦቲዝም ወይም የትኩረት ችግር ያለበት ልጅ አለ። አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል፤ ብልህነቱ ችግሩን፣ ችግሩም ብልህነቱን። ስለዚህ እንዲህ ያሉ ነገሮች ካያችሁ አትጠብቁ፦ ጭንቀቱ ወይም ሐዘኑ ለሳምንታት አልለቀው ካለ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተበላሸ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለ፣ ጓደኞቹን ሁሉ ከራቀ፣ ድንገት ጠባዩ ከተቀየረ። ራሱን ከጎዳ ወይም «ባልኖር ይሻል ነበር» ካለ ግን የዚያኑ ቀን እርዳታ ፈልጉ፤ «ትኩረት ፈልጎ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ድምፅ ወይም ብርሃን ለሚረብሸው ልጅ ጆሮና ዓይን ይመርመር። ከዚያ በልጆች ላይ የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የሕፃናት ሐኪም። ስትሄዱ የሁለት ሳምንቱን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ባለሙያው «መቼ ነው የሚጀምረው? ስንት ደቂቃ ይቆያል? ምን ያረጋጋዋል?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ እጃችሁ ላይ ነው።